ከአንደኛው እስከ አምስተኛው

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የማወጋችሁም የጆሮ ነገር ነው።

ድሮ ሕፃን ይስማ አይስማ የሚታወቀው ከኋላው በማጨብጨብ ነበር። ከደነገጠ ሰማ ይባላል፤ ካልደነገጠስ? እንቅልፍ ይሁን ጆሮ ማን ይለየዋል!

እ.ኤ.አ. በ1967 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሶህመርና ፋይንመሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ጆሮ ሳይበሱ፣ ከውጭ በተለጠፈ ኤሌክትሮድ ብቻ የሰውን የመስሚያ ነርቭ ምላሽ ቀዱ። በ1971 ደግሞ ጀዌትና ዊሊስተን ከራስ ቆዳ ላይ የለቀሟቸውን ሞገዶች በሮማውያን ቁጥር ሰየሟቸው። ስያሜው ይኸው እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አሁን እነዚህ ሞገዶች ወደሚለኩበት የምርመራ ክፍል እንግባ። ሕፃኑ ጡት ጠግቦ እናቱ ጉያ ውስጥ ተኝቷል። ግንባሩና የጆሮዎቹ ጀርባ ተወልውለው ኤሌክትሮድ ተለጥፎባቸዋል። ጆሮው ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል። የነርቩ ምላሽ ከአንድ ማይክሮቮልት በታች ነው፤ በአንጎሉ የዘወትር እንቅስቃሴ ላይ ሲታይ በገበያ ቀን ጫጫታ መሃል እንደ ሹክሹክታ ነው። መላው መደጋገም ነው። ሺህ፣ ሁለት ሺህ ጠቅታ ይላክና አማካዩ ይወጣል። ጫጫታው እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣው ምላሽ ግን ይቀራል።

መስመሩ ብቅ ሲል ንባቡ ይጀመራል። ጤነኛ አዋቂ ላይ አንደኛው ሞገድ ከነርቩ በ1.5 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ አምስተኛው ከአንጎል ግንዱ ላይኛ ክፍል በ5.5 ገደማ ይደርሳል። በመካከላቸው 4 ሚሊሰከንድ ያህል አለ። አራስ ላይ ግን መንገዱ ገና አልበሰለምና ልዩነቱ ወደ 5 ይጠጋል፤ አራስን በአዋቂ ልክ የለካ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያደርገዋል።

ሁሉም ሞገዶች እኩል ከዘገዩና ልዩነታቸው ካልተለወጠ፣ እንቅፋቱ ከነርቩ በፊት ነው፤ መካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። አንደኛው በሰዓቱ መጥቶ አምስተኛው ብቻ ከዘገየ ግን ነርቩ ወይም የአንጎል ግንዱ ይጠረጠራል፤ እባጭ ተጭኖትም ይሆናል። ድምፁ እየተቀነሰ ሲሄድ መጨረሻ የሚጠፋው አምስተኛው ነው፤ የመስማት ወለሉም የሚገመተው እሱ በጠፋበት አካባቢ ነው።

ጨርሶ ሞገድ ከሌለስ? ልጁ ደንቆሮ ነው? አትቸኩሉ! በ1996 ተመራማሪው ስታርና ባልደረቦቹ ስለ አሥር ሕሙማን ጻፉ። ሞገዳቸው ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል፤ የውስጥ ጆሯቸው ፀጉራም ሕዋሳት ግን ይሠራሉ። ችግሩ የነርቩ ክሮች በአንድ ጊዜ አለመተኮሳቸው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ድምፅ ይሰማል፣ ንግግር ግን ይምታታበታል። አራስን የሚይዝ ከባድ የቢጫ ሕመምም ለዚህ ሊዳርግ ይችላል።

ይህን ለመለየት የጠቅታው ግፊት ይገለበጣል። ከውስጥ ጆሮው ሕዋሳት የመጣው ምልክት አብሮ ይገለበጣል፤ የነርቩ ሞገድ ግን ባለበት ይጸናል። እንግዲህ ባዶ መስመር አይቶ «ልጃችሁ አይሰማም» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ «ጠቅታውን ገልብጠው አይተውታል ወይ?» በሉት። መልስ ካጣ ወደ ሌላ ባለሙያ ሂዱ።