ጄኔሬተር የጫነው ወይስ ባትሪ ብቻ ያለው? የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለሩቅ መንገድ

የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱ አይደለም። «ከከተማ ወጥቼ ባትሪው ቢያልቅብኝስ?» ነው የሚለው። ፒክአፕ በብዛት በሚሸጥበት አሜሪካ ይህች አንዲት ጥያቄ ትልልቅ የመኪና ኩባንያዎችን ዕቅድ አስቀይራለች። መልስ ተብሎ የመጣው ደግሞ ብዙዎቻችን ተረስቷል ያልነው የቤንዚን ሞተር ነው፤ በሌላ ሥራ ተመልሷል።

ዛሬ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን እናያለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

🔹 ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሙሉ ኤሌክትሪክ የምንለው ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ያለውን ነው። ቤንዚን የለም፣ ዘይት ቅየራ የለም፣ ማርሚታ የለም። ባትሪው ሲያልቅ ቻርጅ ከማድረግ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሁለተኛው ሬንጅ ኤክስቴንደር ያለው ይባላል፤ የሚሄድበትን ርቀት የሚያረዝም ማለት ነው። እዚህም ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ነገር ግን መኪናው ውስጥ አንድ የቤንዚን ሞተር አለ። ይህ ሞተር ከጎማው ጋር አይገናኝም፤ ሥራው ጄኔሬተር ማዞር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ሱቅ በር ላይ የሚንጫጫውን ጄኔሬተር አስቡት። እሱን መኪናችሁ ላይ ጭናችሁ እየነዳችሁ ነው ማለት ነው።

ከብዙዎቹ ሃይብሪዶች የሚለየውም በዚህ ነው። እነሱ ላይ የቤንዚኑ ሞተር ራሱ ጎማውን ይነዳል።

🔹 ገዢዎች ምን መረጡ?

የቮልስዋገን ግሩፕ የሆነው ስካውት ሞተርስ በጥቅምት 2024 ቴራ የተባለ ፒክአፕና ትራቭለር የተባለ የቤተሰብ መኪና አሳየ። ሁለቱም በሁለት ምርጫ ቀረቡ። ባትሪ ብቻ ያለው 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጄኔሬተር ያለው ደግሞ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሄድ ታቅዷል። ሰዉ በተመላሽ 100 ዶላር ወረፋ መያዝ ጀመረ። ኩባንያው በኋላ እንደተናገረው፣ ወረፋ ከያዙት ከ100ው ከ80 በላይ የሚሆኑት የመረጡት ጄኔሬተር ያለውን ነው።

ራም የተባለው ብራንድም ሁለቱንም ለመሥራት አቅዶ ነበር። በመስከረም 2025 ባትሪ ብቻ ያለውን ትልቁን ፒክአፕ ሰረዘና ጄኔሬተር ባለው ቀጠለ። ፎርድ ደግሞ በ2022 ለገበያ ያቀረበውን ኤፍ-150 ላይትኒንግ ማምረት ማቆሙን በታኅሣሥ 2025 አስታወቀ። ቀጣዩ ላይትኒንግ ጄኔሬተር ይኖረዋል፤ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ብሏል።

አንድ ነገር ግን እንዳንረሳ። ወረፋ መያዝ መግዛት አይደለም። 100 ዶላር ያስያዘ ሰው የመጨረሻው ዋጋ ሲነገረው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

🔹 ሩቅ መንገድ ላይ ምን ይፈጠራል?

ምሳሌ እንውሰድ። አላስካ ውስጥ ዳልተን የሚባል አውራ ጎዳና አለ። ኮልድፉት ከተባለችው መንደር እስከ መንገዱ ጫፍ ዴድሆርስ ድረስ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ማደያ የለም፣ ሱቅም የለም።

ትልቁ ባትሪ የተገጠመለት ላይትኒንግ በወረቀት ላይ 515 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ «ይበቃል» ሊባል ይችላል። ግን ብርድ አለ። በከባድ ብርድ የባትሪው አቅም ይቀንሳል፣ የመኪናውን ውስጥ ማሞቅም ከዚያው ባትሪ ይወስዳል። ላዩ ላይ ከባድ ተሳቢ ጨምሩበት። ተሳቢ ሲጎተት የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የሚሄደው ርቀት በግማሽ ያህል እንደሚወርድ በተደጋጋሚ ሙከራዎች ታይቷል። 515ቱ ወደ 260 ሲጠጋ መንገዱ አያልቅም።

እርግጥ ተሳቢ የቤንዚን መኪናንም ነዳጅ ያስበላል። ልዩነቱ መልሶ ለመሙላት በሚፈጀው ጊዜ ላይ ነው። ቤንዚን በደቂቃዎች ይሞላል፣ በጀሪካንም ይያዛል።

ጀሪካን ስንት ያስኬዳል? ራም ባወጣው ቁጥር እናስላው። የራም ፒክአፕ በአጠቃላይ 1,110 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቧል። ከዚያ ውስጥ 233 ኪሎ ሜትሩን በባትሪ፣ ቀሪውን 877 ኪሎ ሜትር 102 ሊትር በሚይዘው ታንክ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ይህ ሜዳ ላይ፣ ጭነት ሳይኖር ነው። ያም ሆኖ ሰው በሌለበት ቦታ 170 ኪሎ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ኤሌክትሪክን ግን በጀሪካን ቀድቶ መያዝ አይቻልም።

🔹 ጄኔሬተሩ የማይፈታው ችግር

እዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያዎች ዝም ይላሉ።

አንደኛ፣ ጄኔሬተሩ ከመኪናው ጉልበት ያነሰ ነው። የራም ፒክአፕ እስከ 663 የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ ተነግሯል፤ ይህ ወደ 490 ኪሎዋት ነው። ጄኔሬተሩ የሚያመነጨው 130 ኪሎዋት ነው። ሜዳ ላይ ይበቃል። ከባድ ተሳቢ ይዛችሁ ረጅም ዳገት ስትወጡ ግን ቀሪውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ባትሪው ቀድሞ ካለቀ መኪናው ይደክማል። ቢኤምደብሊው አይ3 የተባለችው ትንሽ መኪና ላይ ይህ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠችው ባለ ጄኔሬተሯ አይ3 ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ነበር ሞተሯ የሚነሳው፤ ዳገት ላይ ፍጥነቷ ወርዶብናል ያሉ ባለቤቶች ነበሩ። ስለዚህ ተራራ ከመድረሳችሁ በፊት ባትሪውን መቆጠብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ማሽን ነው የምትገዙት። ባትሪም አለ፣ ሞተርም አለ። ዘይት ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ለወራት ያልተነካ ቤንዚን ደግሞ ታንክ ውስጥ ይበላሻል።

ሦስተኛውና ዋናው የሰው ጠባይ ነው። ነዳጅ መቅዳት ስለሚቻል ብቻ ሶኬት ላይ መሰካት ይረሳል። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ሃይብሪዶች መንገድ ላይ የሚለቁት ካርቦን በወረቀት ከተባለው 3.5 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት ባለቤቶቹ የተገመተውን ያህል ቻርጅ አለማድረጋቸው ነው። ባለ ጄኔሬተሩ ፒክአፕ ባትሪው ትልቅ ስለሆነ የተሻለ ዕድል አለው። ሆኖም የማይሰካው ሰው ውድ ዋጋ ከፍሎ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ገዛ ማለት ነው።

🔹 ታዲያ የቱ ለማን?

ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሱ፦

1. ማታ ማታ መኪናችሁን የምትሰኩበት ሶኬት አለ? ከሌለ ሁለቱም ያስቸግሯችኋል። ባለ ጄኔሬተሩ ይሄድላችኋል፣ ግን በቤንዚን ዋጋ።

2. በዓመት ስንት ቀን ነው ቻርጀር የሌለበት ቦታ የምትሄዱት? ሦስት አራት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ለእነዚያ ቀናት ሌላ መኪና መከራየት ዓመቱን ሙሉ ሞተር ተሸክሞ ከመዞር ሊረክስ ይችላል።

3. ከባድ ተሳቢ ይዛችሁ ሩቅ ትሄዳላችሁ? መልሱ «በየሳምንቱ» ከሆነ ባለ ጄኔሬተሩ ለእናንተ የተሠራ ነው።

🔹 ወደ እኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2024 መጀመሪያ ላይ መከልከሏ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ወሬ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ክልል የሚመላለስ ሰው ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃል። የእኛ ስሌት ግን ከአላስካው ይለያል። አላስካ ላይ ማደያ ከደረሳችሁ ቤንዚን አለ ብላችሁ ነው የምትነሱት። እኛ ጋ ማደያ ደርሶ ሰልፍ መያዝ፣ ወይም «የለም» ተብሎ መመለስ አለ። ነዳጁ ከውጭ በዶላር ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ነው የሚመነጨው። የጎደለው በየመንገዱ ቻርጀርና የማይቆራረጥ መብራት ነው።

ስለዚህ ሻጩ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲላችሁ በዚያ ብቻ አትወስኑ። የምትሄዱበትን መንገድ አስቡና ጠይቁ፦ እዚያ ስደርስ የማገኘው ሶኬት ነው ወይስ ማደያ? የሚገዛውን መኪና የሚወስነው እሱ ነው።