የከተማ ዝቃጭና የገበሬ ማሳ

ገበሬ የከብቱን ፍግ ለማሳው ይመልሳል። ከተማ ግን ከማሳ የመጣላትን እህል ተመግባ ተረፉን ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ትለቀዋለች። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ታላላቅ ከተሞች በዚህ ሁኔታ የአፈርን ሀብት እያባከኑ መሆናቸውን አጥብቆ አስጠንቅቆ ነበር።

መፍትሔ የመሰለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1914 በእንግሊዝ አገር፣ በማንችስተር ተገኘ። ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት በፍሳሹ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የረጋውንም ዝቃጭ ለሚቀጥለው ፍሳሽ አስቀሩት። የትናንቱ እርሾ የዛሬውን ሊጥ እንደሚያቦካው ሁሉ፣ በዝቃጩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተህዋስያን አዲሱን ቆሻሻ በሰዓታት ውስጥ ያብላሉት ጀመር።

ይሁን እንጂ ውኃው ሲጠራ ዝቃጩ ይከማቻል። በአሜሪካ የምትገኘው የሚልዋኪ ከተማ ይህንኑ ዝቃጭ በከፍተኛ ሙቀት አድርቃ ከ1926 ጀምሮ «ሚልኦርጋናይት» በሚል ስም ለገበያ አቀረበችው። ከቀደምት ደንበኞቹ መካከል የጎልፍ መጫወቻ ሜዳዎች ይገኙ ነበር። ሌሎች ከተሞች ግን ዝቃጫቸውን በመርከብ እየጫኑ ወደ ባሕር መጣሉን መረጡ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1988 ይህን በሕግ ሲከለክል እርሻው ዋነኛ መድረሻ ሆነ። በ1993 የወጣው ደንብም በሽታ አምጪ ተህዋስያንንና እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ያሉትን ከባድ ብረቶች የሚገድብ ነበር።

ደንቡ ያልመዘነው ሌላ ነገር ነበር። ምግብ በማያጣብቅ መጥበሻና ውኃ በማያስገባ ልብስ ሥራ ላይ የዋሉት፣ በቀላሉ የማይበሰብሱት «ፒፋስ» የተባሉ ኬሚካሎች ከፍሳሹ ጋር አብረው መጥተው በዝቃጩ ውስጥ ቀሩ። በሜይን ግዛት ለዓመታት ዝቃጭ በተበተነባቸው እርሻዎች ላይ ኬሚካሎቹ ከአፈሩ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ ላሚቱ፣ ከላሚቱም ወደ ወተቱ ተሻገሩ። በዚህም የተነሣ ሜይን በ2022 ዝቃጭን በእርሻ ላይ መበተንን ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ ከለከለች። ስዊዘርላንድ ደግሞ ዝቃጩን ከእርሻዋ ለማስወጣት የወሰነችው ገና በ2003 ነበር።

የሊቢግ ሥጋት ስሕተት አልነበረም፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ዛሬም ወደ ማሳው ሊመለሱ ይገባል። ነገር ግን በእርሱ ዘመን ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ከዛሬው የፋብሪካ ኬሚካል ጋር አልተደባለቀም ነበር። የማጣሪያ ጣቢያ ተህዋስያንን ሊገድል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን መርዝ ግን ከዝቃጩ አይለይም። ከተሞቻቸው እየሰፉ፣ ፋብሪካዎቻቸውም እየበዙ ላሉት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የማሳው ደኅንነት የሚጠበቀው ዝቃጩ በሚበተንበት ቀን ሳይሆን፣ የፋብሪካው ቱቦ ከመኖሪያ ቤቱ ቱቦ ጋር ይገናኝ ወይስ አይገናኝ ተብሎ በሚወሰንበት ቀን ነው።