የጭሰኛው ቀን፦ «የሳክሶኖች መስታወት» ስለ መሬትና ስለ ባርነት

አይከ ፎን ሬፕጎ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምሥራቅ ሳክሶኒያ የኖረ፣ ሕግ ዐዋቂ ሰው ነበር። የአገሩን ልማዳዊ ሕግ ሰብስቦ «የሳክሶኖች መስታወት» የተባለውን መጽሐፍ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. ከ1220 እስከ 1235 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ የጻፈው በላቲን ነበር። ወደ ጀርመንኛ የመለሰው የፋልከንሽታይኑ ኮንት ሆየር ስለ ለመነው እንደ ሆነ፣ ሥራውም እጅግ እንደ ከበደው በመቅድሙ ይናገራል። የትርጉምን ጣጣ የሚያውቅ አንባቢ ይረዳዋል።

መጽሐፉ ሁለት ክፍል አለው። ሁለተኛው፣ ማለትም የጉልት ሕጉ፣ ከንጉሡ ጀምሮ በሰባት ማዕረግ የተደረደሩትን ባለ ጋሻዎች ይመለከታል። ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ሴትና ቄስ በዚህ ሕግ መብት የላቸውም። ስለዚህ ጭሰኛውን የምናገኘው በመጀመሪያው ክፍል፣ በአገሩ የጋራ ሕግ ውስጥ ነው። («ጭሰኛ» የምለው የተሻለ ቃል ስላጣሁ ነው። አይከ ግብር እየከፈለ የሰው መሬት የሚያርሰውን፣ ከመሬቱ ጋር በትውልድ ከተሳሰረው ይለየዋል።)

የጭሰኛው ኑሮ በቀን የተቆጠረ ነበር። ጌታው በትውልድ ከመሬቱ ጋር ያልተሳሰረውን ጭሰኛ ለማስለቀቅ ቢሻ፣ ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ቤተ መቅደስ በገባበት በዓል፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 2 ቀን፣ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ለመልቀቅ የሚሻ ጭሰኛም እንዲሁ። መሬት የያዘ ሰው ሲሞት፣ በማሳው ላይ ያለው ቡቃያ የማን ነው? አይከ መልስ አለው፦ በራሱ ማረሻ ያረሰውን ማሳ ዘርቶ አፈር ካለበሰው፣ ፍሬው የድካሙ ዋጋ ሆኗልና ለወራሾቹ ይተርፋል። የመሬት ግብርም የበርተሎሜዎስ በዓል፣ ኦገስት 24፣ ሲደርስ ለባለ መሬቱ የተገባ ይሆናል። ይህ የቀን ቆጠራ ግን ለጭሰኛው ብቻ አያደላም። ግብሩን በቀኑ ያልከፈለ በማግስቱ እጥፉን ይከፍላል፤ ባዘገየ ቁጥርም ዕዳው ዕለት በዕለት ይጨምራል።

ሁሉን በልማድ የሚያስረዳው አይከ፣ ሰው የሰው ንብረት ስለ መሆኑ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ባርነትን ከቃየል፣ ከካም፣ ከዔሳውና ከይስማኤል የሚያመጡትን ክርክሮች አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረው፣ ድኻውንም እንደ ባለጸጋው በሕማሙ ተቤዠው ይላል። ሰው ለሰው መገዛቱ የመጣው ከጉልበት፣ ከምርኮና ከግፍ ነው፤ ግፉ ሲቆይ ልማድ ሆነ፣ አሁንም እንደ ሕግ ሊቆጥሩት ይሻሉ። እንዲህ ብሎ ግን ባርነቱ ተሽሯል አላለም፤ የገባሮቹን ሁኔታ እንዳለ መዝግቦ ያልፋል። እንደ እኔ አስተያየት መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ይኸው ያልታረቀ ነገር ነው።

መጽሐፉ ተወደደ፤ ዛሬም ከ400 በላይ ቅጂዎች ይገኛሉ። በፕሩስያ እስከ 1794፣ በአንሃልትና በቱሪንጊያ ደግሞ እስከ 1900 ተሠርቶበታል። በእነዚያ ዘመናት ከኤልበ ወንዝ ምሥራቅ የነበረው ገበሬ ከመሬቱ ጋር ይበልጥ ታሰረ። በፕሩስያ ያንን ትውልዳዊ ጥገኝነት የሻረው አዋጅ የወጣው በ1807 ነው። እርሱም ቀን ቆረጠ፦ ሙሉ ነጻነቱ እስከ 1810 የቅዱስ ማርቲን በዓል፣ ኖቬምበር 11፣ እንዲቆይ አዘዘ።