«ግራበንብሩኽ» እና «ስምጥ ሸለቆ»፦ የሁለት ጥምር ቃላት የዘር ሐረግ

የላንጋኖ ሐይቅ የተኛበትን ምድር እኛ «ስምጥ ሸለቆ»፣ እንግሊዞች «ሪፍት ቫሊ»፣ ጀርመኖች «ግራበንብሩኽ» ይሉታል። የአማርኛው ስያሜ የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ትርጉም ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የቃላቱ ዘር ግን ይህን የሚደግፍ አይመስለኝም።

ከጀርመንኛው እንነሣ። «ግራበን» ጉድባ ማለት ሲሆን መቆፈርን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ነው። «ግራብ» (መቃብር) የዚሁ ዘር ነው፤ እኛ ግን መቃብርን ያወጣነው ከ«ቀበረ» እንጂ ከ«ቆፈረ» አይደለም። «ብሩኽ» ስብራት ነው፤ ከእንግሊዝኛው «ብሬክ» ጋር ይዛመዳል። ሁለቱ ሲጣመሩ «የጉድባ ስብራት» እንደ ማለት ይሆናል። «ግራበን»ን በሥነ ምድር ጥናት ያስፋፋው የኦስትሪያው ሊቅ ኤድዋርድ ዙስ ነው። ዙስ አካባቢውን በዓይኑ ሳያይ፣ የቴሌኪና የፎን ሄኔል ጉዞ (እ.ኤ.አ. 1887–88) ያስገኘውን መረጃ ይዞ፣ በ1891 ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ስብራቶች ጻፈ። በርዕሱ ላይ የዋለውም «ብሩኽ» በብዙ ቁጥር ነው።

«ሪፍት ቫሊ»ን ያስለመደው በ1893 ወደ ዛሬይቱ ኬንያ የዘለቀው ጆን ዋልተር ግሪጎሪ ነው፤ መጽሐፉ በ1896 ታተመ። «ሪፍት» ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ስንጥቅ ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ኖሮ እንግዲህ «ስንጥቅ ሸለቆ» ባልን ነበር።

«ስምጥ» የወጣው ከ«ሰመጠ» ነው። ግዕዙ «ሰጠመ» ይላል፤ አማርኛ ሁለቱንም ይዟል፣ ልዩነቱ የ«መ» እና የ«ጠ» ቦታ መለዋወጥ ነው። የጥምረቱም ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባዋል። «ቤተ መጻሕፍት»ን በመሰሉት የግዕዝ ጥምሮች መሪው ቃል ይቀድማል፤ በ«ስምጥ ሸለቆ» ግን እንደ ጀርመንኛው ኋላ ይመጣል። አማርኛ ይህን ከማንም አልተዋሰም፤ የራሱ ሰዋስው ነው።

ግሪጎሪ ሸለቆውን የፈታው ትይዩ በሆኑ ስብራቶች መካከል መሬቱ ወደ ታች በመውረዱ የተፈጠረ ነው ብሎ ነው። «ስምጥ» ቃሉን ሳይሆን ይህን ፍቺ የተከተለ ይመስለኛል። በላንጋኖ ዳር ቆሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አርሲ ደጋ ለሚመለከት ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ደጋው ከላይ ቀርቷል፣ ሐይቁን የያዘው መሬት ወርዷል። ማንም አልቆፈረውም፤ መሰንጠቁም ብቻውን ይህን አያደርግም። ጎረቤቱ ሻላ ደግሞ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አናቱ ቁልቁል የገባ ጎድጓዳ ስፍራ ሲሆን ጥልቀቱ ከ250 ሜትር ያልፋል። «ስንጥቅ» ለእርሱ አይስማማም፤ «ስምጥ» ግን ይስማማል።