የፋርጣ በግና የእረኛው ልብስ



የደብረ ታቦር ስም ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው በጋፋት ተሠርቶ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል ነው። ነገር ግን በዚያው ደጋ ታሪክ ጸሐፊ ያልተከተለው ሌላ የእጅ ጥበብ አለ፤ ይኸውም የበግ ጠጉር ሸልቶ፣ ነድፎና ፈትሎ ባናና ዝተት መሥራት ነው። የጉናን ብርድ እረኛው ሲቋቋም የኖረው በዚህ ልብስ ነው።

የልብሱ መነሻ ላቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሻካራ የሆነው የፋርጣ በግ ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የጠጉር ዕጣ በብዙው የሚወሰነው ግልገሉ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ከአምስቱ የእርግዝና ወራት በሁለተኛው ማብቂያ ግድም የመጀመሪያዎቹ የጠጉር ሥሮች ይበቅላሉ፤ ከዚያም ቀጭኑን ጠጉር የሚያወጡት ሁለተኞቹ ይከተላሉ። የሥሮቹን ስፍራና ጊዜ የሚወስኑት፣ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ትእዛዝ የሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ናቸው። ጠጉሩ ራሱም ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ድኝ አያይዞ ያጠነክረዋል። የሜሪኖ በግ ጠጉር የለሰለሰው ሁለተኞቹ ሥሮች እጅግ ስለሚበዙለት ነው።

በአገራችንም ዝርያን ለማሻሻል ተሞክሯል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በ1957 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዚያው ከተማ የተመሠረተው የበግ ማራቢያ ኮሪዴልን የመሰሉ የውጭ ዝርያዎችን አስገብቶ ከመንዝ በግ ጋር አዳቀለ። በፋርጣ ደግሞ በ2000ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች የአገሬውን በግ ከጎጃሙ ዋሸራ ጋር አዳቅለው የግልገሎቹን እድገት መዝነዋል። ዋሸራ ቶሎ ያድጋል፤ ጠጉሩ ግን አጭር ስለሆነ ለፈትል አይመችም።

እንግዲህ አውራ በግ በክብደቱ ብቻ የሚመርጥ ሰው፣ ሳያስበው የእረኛውን ልብስ ጭምር ይመርጣል። ሥጋው ለገበሬው ገንዘብ ስለሚያመጣ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መዝገብ የምንይዝ የመንግሥት ሠራተኞች ከክብደቱ ዓምድ ጎን ለጠጉሩም አንድ ዓምድ ብንጨምር፣ ገበሬውም ያረገዘችውን በግ በድርቅ ወራት መኖ ባይነፍጋት፣ ሁለቱም ጥቅም ይጠበቃል። የጠፋ መድፍ እንደ ገና ቀልጦ ሊሠራ ይችላል፤ የጠፋ ዝርያ ግን አይመለስም።