ግማሽ ሰዓት ጥጥ መዳመጥ፦ ጂኦግራፊን በእጅ የማስተማር ታሪክና ዋጋው

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በስዊዘርላንድ፣ ኢቨርዶን በተባለች ከተማ፣ ዮሐን ሃይንሪሽ ፔስታሎዚ አንድ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ሲጀመር ልጆቹ ካርታ አይሰጣቸውም። በአቅራቢያው ወዳለው የቡሮን ወንዝ ሸለቆ ይወሰዳሉ። ሸለቆውን ዞረው ያያሉ፣ ከዳር ሸክላ አፈር ቆፍረው ተሸክመው ይመለሳሉ፣ ከዚያም ያዩትን በትልልቅ ጠረጴዛዎች ላይ በጭቃ ይሠሩታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ራቅ ብለው ሄደው የጎደለውን ይጨምራሉ። ካርታው የሚወጣው ሁሉም ሲያልቅ ነው። ያኔ ጠቆር ያለው መስመር ዳገት፣ ሰማያዊው ክር ወንዝ መሆኑን ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

ከዘመናዊ ጂኦግራፊ መሥራቾች አንዱ የሚባለው ካርል ሪተር ይህን ትምህርት ቤት ጎብኝቶ ነበር። በኋላ እንደተናገረው ፔስታሎዚ ራሱ ከአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያነሰ ጂኦግራፊ ነበር የሚያውቀው። ሆኖም የዚህን ሙያ ዋና ነገር የተማረው ከእሱ እንደሆነ ሪተር መስክሯል። ብዙ ስለማያውቁት የትምህርት ዓይነት እንዲያስተምሩ ለሚመደቡ መምህራን ይህ ትንሽ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሳቡ አትላንቲክን ተሻግሮ በ1896 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ሌላ መልክ ያዘ። ፈላስፋው ጆን ዱዊ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሙከራ ትምህርት ቤት ከፈተ። ታሪክና ኅብረተሰብ በዚያ የሚጠኑት በመሥራት ነበር፤ ልጆቹ ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፣ ያበስላሉ። አንድ ቀን የጥጥና የበግ ጠጉር ጥሬ ዕቃ ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን ጥጡን ከፍሬው በእጅ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ሠራ። የተገኘው ከአንድ አውንስ በታች ነው፤ ሠላሳ ግራም አይሞላም። ልጆቹ ከዚህ ተነስተው አያቶቻቸው ለምን ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ይለብሱ እንደነበር ተረዱ። ዱዊ በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ምክንያት ልጆቹ እስኪነግሩት ድረስ እንደማያውቀው ጽፏል። ፕሮፌሰር ከሕፃናት መማሩን በጽሑፍ ሲያምን ብዙ ጊዜ አይታይም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ አንድ ነገር ሳይከነክነው አይቀርም። የልጆቹ ድምዳሜ ለአውሮፓ ዝርያ አሜሪካውያን ልክ ነው። ለሐበሻ ግን አይሠራም። የደጋው ሰው ብርድ እያለበት፣ በግ እያረባ፣ የክት ልብሱ ጥጥ ነው። ቡሉኮው፣ ጋቢው፣ ነጠላው፣ ቀሚሱ ሁሉ ጥጥ ነው። ታዲያ ሠላሳ ግራም ለማውጣት ግማሽ ሰዓት የማይበቃ ከሆነ አንድ ጋቢ ስንት ቀን፣ የስንት ሰው እጅ ይፈጃል? መልሱ በየቤቱ ነበር፤ ጥጡን የምትዳምጠው፣ በደጋን የምትነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትለው እናት ናት። ሸማኔው የሚቀበለው የብዙ ሴቶችን የብዙ ወር ሥራ ነው። ያንኑ የቺካጎ ትምህርት ጎንደር ወይም ጨንቻ ላይ የሰጠ መምህር ወደ ሌላ ጥያቄ ይደርሳል፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን በዋጋው ላይ አይታይም? ሸማኔውስ ያን ሁሉ ሰው እያለበሰ ለምን ተናቀ? በእጅ የሚሰጥ ትምህርት ተተርጉሞ የሚመጣ ዕቃ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ቦታው ሲቀየር መልሱም ይቀየራል።

ችግሩ እንዲህ ያለው ጥያቄ የት እንደሚቆም አለመታወቁ ነው። አሜሪካውያኑ ራሳቸው ይህን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አይተውታል። ሶቪየቶች በ1957 እ.ኤ.አ. ስፑትኒክን ካመጠቁ በኋላ የደነገጠው መንግሥት ለሥርዓተ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አፈሰሰ። በሥነ ልቦና ምሁሩ ጀሮም ብሩነር መሪነት ለአሥርና ለአሥራ አንድ ዓመት ልጆች አንድ የኅብረተሰብ ትምህርት ተዘጋጀ። መነሻ ጥያቄው ሰውን ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ነው። ልጆቹ ስለ ሳልሞን ዓሣና ስለ ዝንጀሮ አኗኗር ያጠናሉ። ከዚያ በሰሜን ካናዳ በረዶ ላይ ወደሚኖሩት ኔትሲሊኮች ይሻገራሉ። አንትሮፖሎጂስቱ አሰን ባሊክቺ የቀረጻቸው ፊልሞች ተራኪ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ልጁ አይቶ ራሱ ይተረጉማል። በክፍል ውስጥ በሚጫወቱት የአደን ጨዋታ ደግሞ ሥጋ መካፈል ለኔትሲሊኮች ከደግነት በላይ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ መሆኑን ይደርሱበታል።

ታሪኩ ውስጥ ግን በክፉ ክረምት ቤተሰብ ትቷቸው የሚሄድ አሮጊት አሉ። ልጆቹ በዚህ ላይ ተከራከሩ፣ ክርክሩን ይዘው ቤት ገቡ። ወላጆች ተቆጡ። በ1975 እ.ኤ.አ. የአሪዞናው ተወካይ ጆን ኮንላን ጉዳዩን ኮንግረስ አስገባው፤ የፌዴራል ገንዘብ የልጆችን እምነትና ሥነ ምግባር ለመሸርሸር ዋለ የሚል ክስ ነበር። ድጋፉ ተቋረጠ፣ ትምህርቱም ቀስ በቀስ ከየክፍሉ ጠፋ። ወላጆቹን ሁሉ ጠባብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ይዞት ስለሚመጣው ነገር ቀድሞ ያማከራቸው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ተመሳሳዩ ነገር የሆነው ከክፍል ውጭ ነው። በንጉሡ ዘመን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ራሱን የቻለ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ከሰባተኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ከመምህራኑም ብዙዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ መጨረሻው ደግሞ ሚኒስትሪ ነው። ለአገሩ ተማሪ የሚሆን ካርታ እንኳ ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያን አትላስ ያሳተሙት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። በመጽሐፍ የሚያውቁትን ገባር ፊት ለፊት አገኙት።

በ1967 ዓ.ም ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ስድሳ ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ገጠር አወረደ። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጠሩ፣ የየካቲት 25ቱን የመሬት አዋጅ አስረዱ፣ ገበሬ ማኅበር አደራጁ። ለብዙዎቹ የአገራቸውን ምድር በእግር ያዩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። መንግሥትም ወደደው፤ የወደደው ግን ጥያቄው ባለርስቱ ላይ እስካነጣጠረ ድረስ ነው። ወደ ደርጉ ራሱ ሲዞር ዘማቹ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ከፊሉ ጥሎ ጠፋ፣ የታሰረም የተገደለም አለ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቶች ፖሊቴክኒክ የሚባል ነገር መጣ። ተማሪው የትምህርት ቤቱን እርሻ ቆፈረ። እጁ ሥራ ላይ ዋለ፣ ጥያቄው ግን አልተፈቀደለትም።

አሁን ሰባተኛና ስምንተኛ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት እንደገና መካከለኛ ደረጃ ተብለው ተለይተዋል፤ ጂኦግራፊና ታሪክም በአንድ የኅብረተሰብ ትምህርት ውስጥ ተዋህደዋል። የመማሪያ መጻሕፍቱ «ተግባር» በሚሉ ሳጥኖች የተሞሉ ናቸው፤ የአካባቢያችሁን ወንዝ ጎብኙ፣ ሽማግሌ ጠይቁ፣ ካርታ ሥሩ ይላሉ። በብዙ ክፍል ውስጥ ሳጥኑ ይዘለላል ወይም የቤት ሥራ ይሆንና ከአንድ ጎበዝ ተማሪ ደብተር ይገለበጣል። ሰበቡ ሁልጊዜ የቁሳቁስ እጥረት ነው። ጭቃ ግን አልጠፋም፣ ጥጥም አልጠፋም፣ ወንዙም ከግቢው ጀርባ አለ።

የጠፋው ሌላ ነው። ስልሳ ተማሪ ይዞ ከግቢ የሚወጣ መምህር በአርባ ደቂቃ ተመልሶ ደወል መድረስ አለበት። አንድ ልጅ ቢጎዳ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ጸጥታ በሌለበት አካባቢ ደግሞ መውጣቱ ራሱ አይታሰብም። ወንዙ ዳር ደርሰው አንዷ ተማሪ «ድሮ እዚህ ይዋኝ ነበር ይላል አባቴ፣ አሁን ለምን ሸተተ?» ብትል፣ መልሱ ከላይ ባለው ፋብሪካ ወይም ቀበሌው በሸነሸነው መሬት በኩል ያልፋል። መምህሩ ይህን ያውቃል። ደመወዙን የሚከፍለው ማን እንደሆነም ያውቃል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ «የወንዝ ጥቅሞች» ብሎ ይጽፍና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ማስገልበጥ ይጀምራል።