ቁጥሩና ካርዱ፦ የታካሚ መዝገብ ታሪክ



ስለ ዲጂታል የታካሚ መዝገብ ሲነገር ወሬው ብዙ ጊዜ ከኮምፒውተር ይጀምራል። እኔ ግን ከእ.ኤ.አ. 1907 ልጀምር። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ያዩትን ሁሉ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትልቅ መዝገብ ላይ ይጽፉ ነበር። አንድን ታካሚ ሦስት ሐኪሞች ካዩት ታሪኩ በሦስት መዝገብ ተበትኖ ይቀራል። ዶክተር ሄንሪ ፕለመር ከረዳታቸው ከሜብል ሩት ጋር ሆነው ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ሰጡ፤ ማስታወሻው፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የቀዶ ሕክምናው ዘገባ ሁሉ በዚያ ቁጥር ሥር በአንድ ማኅደር ተጠቃለለ። በየሆስፒታላችን ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የምንቀበላት ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት የዚህ አሳብ የልጅ ልጅ ናት።

ማኅደሩ አንድ ሆነ እንጂ በውስጡ ያለው ጽሑፍ አልተስተካከለም። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክተር ላውረንስ ዊድ መፍትሔ ጻፉ፤ ሐኪም ማስታወሻውን ቁጥር በተሰጣቸው የታካሚው ችግሮች ዙሪያ ያደራጅ አሉ። በ1970ዎቹም በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሥርዓት በጣት በሚነካ ስክሪን ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። (ዛሬ ስልካችንን በጣት ስንነካ አዲስ ነገር የያዝን ይመስለናል።)

ወደ አገራችን ካርድ ክፍል እንመለስ። ታካሚዋ ያቺን ወረቀት ጥላታለች እንበል። ሠራተኛው ስሟን ይዞ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ይፈልጋል፤ አልማዝ የምትባል ግን አንዲት ብቻ አይደለችም። ማኅደሩ ካልተገኘ አዲስ ካርድ ይወጣላታል። በአሮጌው ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ በአዲሱ ላይ ያ ማስጠንቀቂያ የለም። መርፌውን የሚወጋት ሰው በምን ያውቃል?

ኮምፒውተር ይህን ብቻውን አይፈታም። ውጭ አገር የተሠራ ፕሮግራም የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አንዱ መዝጋቢ የአባትን ስም፣ ሌላው የአያትን ይሞላል፤ ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ላይ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ቦታ የለውም። እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ቁጥር ከሰጠ ደግሞ ከ1907 በፊት ወደነበረው መበተን ተመለስን ማለት ነው፤ ልዩነቱ መብራት የሚፈልግ መሆኑ ነው።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር የመስጠትን መንገድ ከፍቷል። ለጤና መዝገብም ይበጃል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም አንድ የሚያሰጋኝ ነገር አለ። የተበተነው ካርድ ሕይወት ቢያሳጣም ምስጢር ይጠብቅ ነበር። ጎረቤት እንዳያውቅባት ለኤችአይቪ ምርመራ ሌላ ከተማ ድረስ የምትሄድ ሴት መሸሸጊያዋ የካርዱ አለመገናኘት ነው። መዝገቦቹ ሲገናኙ ያቺን ገጽ ማን ይከፍታል? መክፈቱስ የት ይመዘገባል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚገባቸው መረጃዎች መድቦታል። በየካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሩን የሚከፍተው ሠራተኛ ይህን አዋጅ አንብቦት እንደሆነ ግን ማንም ገና አልጠየቀውም።